ላባውን በደብዳቤ የጨረሰው ሸማኔ ወፍ

ተረት መጣ ስላችሁ «ይግባ፣ በሩ ክፍት ነው» በሉ። ገባ። ቁጭም ብሏል። ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ካለ ወደ ኪሱ ይመልሰው፤ ይህ ተረት እሱን ሳይነካው አያልፍም።

ድሮ፣ ዝሆን ድመት በሚያክልበት፣ ድንጋይም እንደ ቅቤ ለስላሳ በነበረበት ዘመን፣ ጥልፌ የሚባል ሸማኔ ወፍ ነበር። ሸማኔ ወፍ ታውቃላችሁ፤ ያ ቢጫው፣ ሣር እየሰነጠቀ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እንደ ቅል የተንጠለጠለ ጎጆ የሚሠራው። ጥልፌ ከሸማኔዎች ሁሉ ሸማኔ ነበር። የሠራውን ጎጆ ነፋስ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያወዛውዘው ኖሮ፣ በስምንተኛው ዓመት ነፋሱ ራሱ ደክሞት እዚያው ጎጆ ውስጥ ገብቶ ተኛ። እኔ አላየሁም። የነገረኝ ነፋሱ ነው።

ሚስቱ እንኮይ ትባላለች። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ወንዙ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ያዳምጣታል። በሸማኔ ወፎች ዘንድ ባል ይሠራል፣ ሚስት ትመረምራለች። ገብታ ወለሉን ትረግጣለች፣ ግድግዳውን በመንቁሯ ትጎትታለች፣ ካልጣማት አፍርሳው ትወጣለች። በዚያን ዓመት ግንቦት ላይ ጥልፌ ከወንዙ በላይ ባለው ግራር ላይ አዲስ ጎጆ ሠርቶ አሳያት። ገባች፣ ረገጠች፣ ጎተተች፣ ወጣች።

«ግድግዳው ጥሩ ነው» አለችው። «ወለሉ ባዶ ነው። አምና ሐምሌ ላይ አንዱ እንቁላላችን በብርድ የሞተው ወለሉ ባዶ ስለነበር ነው። ዘንድሮ ለስላሳ ነገር ካልተነጠፈበት አልጥልበትም። ዝናቡ ሳይገባ አንድ ነገር አምጣ።»

ጥልፌ የአምናው እንቁላል ሲነሣ አንገቱን ይደፋል። አሁንም ደፋ። ለስላሳ ነገር ሲባል እሱ የሚያውቀው ጥጥ ነው፤ ጥጥ ያለው ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ሩቅ ነው። እንዲህ እያሰበ ሳለ ቁራ መጣ።

ቁራ ጥቁር ክንፉን እንደ ካፖርት ሰብስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። አንተ እዚህ ወንዝ ዳር ለአንዲት ሚስት ትሸምናለህ፤ አገር ሙሉ ግን ሸማኔ አጥቶ እያለቀሰ ነው አለው። እኮረብታው ላይ፣ አራት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ፣ አንድ ታላቅ ዋርካ አለ። ሥራ ያለው ሁሉ እዚያ ያስጠራል፤ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ደብዳቤ ይሰቅላል። ክፍያው ጥጥ ነው። አያ ጅቦም በጥጥ፣ እመት ጦጢትም በጥጥ ይከፍላሉ።

«መግቢያውስ?» አለ ጥልፌ።

«መግቢያው ነጻ ነው» አለ ቁራ።

ጥልፌ ተነሥቶ በረረ። እንኮይ ከግራሩ ላይ ሆና እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

ዋርካው ትልቅ ነበር። ምን ያህል ትልቅ አትሉኝም? ጥላው ማለዳ ወደ አንዱ አውራጃ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላው አውራጃ ይወድቅ ስለነበር ሁለት አገረ ገዥ ይጣሉበት ነበር። ይህ ዋርካ ይናገራል። ጥልፌን ስሙን ጠየቀው፤ ነገረው። ሥራውን ጠየቀው፤ ነገረው። ቀጥሎ እንደገና ስሙን ጠየቀው።

«አሁን ነገርኩህ እኮ» አለ ጥልፌ።

«አልተቀመጠም» አለ ዋርካው። «እንደገና ንገረኝ። ደግሞ ድንጋይ አለመሆንህን አረጋግጥ።»

ጥልፌ ዘለለ።

«በድጋሚ» አለ ዋርካው።

ሦስት ጊዜ ዘለለ። ከዚያም የእጅህን ሥራ አሳይ ተባለ፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ጎጆ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ። እንዲህ ሆኖ ገባ። እናንተ ግን አሁኑኑ ደከማችሁ፤ ገና ምኑ ተነካና።

በዋርካው ግንድ ላይ አንድ ቃጭል ተሰቅሏል። ሥራ በመጣ ቁጥር ይጮኻል። በማግስቱ ጮኸ፦ «ሥራ መጣ፣ ሥራ መጣ፤ አያ ጅቦ የአጥንት ማስቀመጫ ቅርጫት ይፈልጋል።»

ጥልፌ ልቡ ዘለለ፤ ይህን ጊዜ ማንም ሳያዘው። ቅጠል በጥሶ ሊጽፍ ሲል ቁራ ከላይ ወርዶ እግሩን ዘረጋ። ደብዳቤ በላባ ነው አለው።

«መግቢያው ነጻ ነው አላልክም ወይ ጋሼ?»

«ገብተሃል እኮ። ማን ከለከለህ? ደብዳቤ ነው በላባ። ምን አለበት፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው፤ አንድ ላባ ብቻ።»

ጥልፌ ከጅራቱ አንድ ነቅሎ ሰጠ። ከዚያም ቅጠሉን በመንቁሩ እየወጋ «ሣር እሸምናለሁ። የሸመንኩት አይፈታም» ብሎ ጻፈ። ቁራ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ አይጻፍም፤ በቀቀንን አታይም ወይ አለው። እውነትም በቀቀን አንዲት ደብዳቤ ነበረችው፤ «ክቡር አንበሳ ሆይ» ብላ ትጀምራለች። ለአንበሳም እሷኑ፣ ለጉንዳንም እሷኑ ይልካል። ጉንዳን በዕድሜዋ አንበሳ ተብላ ስለማታውቅ ደስ ብሏት ሦስት ሥራ ሰጥታዋለች። በቀቀን ደግሞ መሸመን አይችልም።

ጥልፌ እያፈረ ደብዳቤውን አሳመረ። «ከእንቁላል ሳልወጣ ጀምሮ የአጥንት ቅርጫት ስመኝ የኖርኩ» የሚል ጨመረበት። በሕይወቱ የመጀመሪያ ውሸቱ ነበር፤ ላባ ከፍሎ ዋሸ።

አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ፤ ደብዳቤውን አየና ወደደው። «አፍህ ጥሩ ነው» አለው። «እጅህን ደግሞ ልየው። ታችኛውን፣ መቀመጫውን ብቻ ሠርተህ አሳየኝ። ለሙከራ ስለሆነ ጥጥ የለውም። ካማረኝ ቀሪው ያንተ ነው።»

ጥልፌ ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መቀመጫውን ሠራ። ጅቦ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን በዚያው መንገድ ሲያልፍ ሙሉ ቅርጫት በአንገቱ አንጠልጥሎ አየው። መቀመጫው የጥልፌ ነው። የቀኙ ግድግዳ የሌላ ወፍ፣ የግራው የሌላ፣ ክዳኑ የሸረሪት፣ ማንጠልጠያው የማን እንደሆነ እንጃ።

«አያ ጅቦ፣ ሥራዬስ?» አለው።

«ሰባት ሸማኔ ሞከርኩ» አለ ጅቦ ቅርጫቱን እያስተካከለ። «ከሰባታችሁ አንዳችሁም አላማራችሁኝም።»

ቃጭሉም ወዲያው ጮኸ፤ እመት ጦጢት ለልጇ የሚወዛወዝ አልጋ ትፈልጋለች። ይኼኔ ሸማኔው ሁሉ ደብዳቤ ይዞ ሮጠ። ዋርካው በደብዳቤ ብዛት ጎበጠ፤ ቅርንጫፎቹ መሬት ነኩ። መሬት የነካውን ደግሞ ፍየል በላችው። በአንድ ቁርስ አርባ ሁለት ደብዳቤ በላች፤ አርባ ሦስተኛውን አንብባ ተፋችው፤ የበቀቀን ነበር። ጥልፌ ደብዳቤው ወደ ፍየሏ አፍ ሲወርድ እያየ ወደ ቁራ ጮኸ።

«ፍየሏን ምን ላድርጋት?» አለ ቁራ። «ፍየል ናት። ከፍ አድርገን እንስቀልልህ፤ ሦስት ላባ ነው። ምን አለበት፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው።»

ሦስት ላባ። ጅራቱ ሳሳ። ፍየሏና ቁራ ግን በየቀኑ ምሳ አብረው እንደሚበሉ በኋላ ነው የሰማው።

ከፍ ያለው ደብዳቤ ታየ። እመት ጦጢት መጣች፤ የተሰቀለችውን ትንሽ ጎጆ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት። ጎጆዋ አረንጓዴነቷን ጨርሳ ቡናማ ሆና ነበር።

«ይህ የቆየ ሥራ ነው» አለችው። «አዲስ የለህም?»

«ደብዳቤ ስጽፍ መሸመኛ ጊዜ አጣሁ፣ እመት።»

«እሱ የራስህ ጉዳይ ነው።»

ቢሆንም ሥራውን ሰጠችው። ጥልፌ አልጋውን ሠራ። ሰፋ አለች፤ አጠበበው። ጠበበ አለች፤ አሰፋው። አሁን ደግሞ የሆነ ነገር ይጎድለዋል አለች። ምን እንደሚጎድለው ሲጠይቃት ብታውቅ ኖሮ ራሷ እንደምትሠራው ነገረችው። ክብ ሲያደርገው ሞላላ፣ ሞላላ ሲያደርገው «እንደ ማር ያለ ስሜት» አለች። እኔ ይህን ሳወራ እንኳ ጥርሴ ያመኛል፤ የቀሩኝ ደግሞ ጥቂት ናቸው። በዘጠነኛው ጊዜ ጦጢት ራቅ ብላ አየችና «የመጀመሪያው ይሻል ነበር» አለች። ጥልፌ የመጀመሪያውን መልሶ ሠራ። በነጋታው መጥታ አቶ ጦጣ አልወደደውም፤ ልጁም ከእናቱ ጀርባ ላይ መተኛት ለምዷል፤ ስለዚህ ይቅር አለች። ጥጡስ ሲላት፣ ላልፈለጉት ነገር ጥጥ ይከፈላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ደግሞ እንደ መልካም ሰው ነው የጠየቀችው፤ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ።

በመካከሉ እንኮይ አንድ ቀን መጣች። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ባሏን አየችው፤ ጅራት የለውም። ሰማዩን አየች፤ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል። ጎጇችን ደህና ነው፣ ወለሉ ግን ያው ነው አለችው። አሁን ከተመለስክ ሁለታችን ተረዳድተን አንድ ነገር እንፈልጋለን አለች። ጥልፌ አንድ ሥራ ብቻ፣ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ይኼኛው ትልቅ ነው አላት። እንኮይ ክንፏን ዘርግታ ሄደች።

ትልቁ ሥራ የአቶ ጉማሬ ነበር። የፀሐይ መከለያ ባርኔጣ ይፈልጋል፤ ክፍያው አንድ ቁና ሙሉ ጥጥ። አንድ ቁና ጥጥ ለእንኮይ ወለል ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጆቿ ወለል ይበቃል። ግን ለባርኔጣው የሚፈለገው ሸማኔ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው፣ ዕድሜው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ዋኝቶ የሚያውቅ፣ ሦስት ምስክር የሚያቀርብ ነው። ጥልፌ ዋኝቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ወንዝ ገብቶ ሊሰምጥ ሲል ዓሣ አወጣችው፤ እሷኑ ምስክር አድርጎ ጻፋት።

ከዚያ በኋላ ላባው ወደ ቁራ እንደ ጎርፍ ሄደ። ለደብዳቤው አንድ፣ ከፍ ለማለት ሦስት፣ ከሁሉ በላይ ለመሰቀል አምስት፣ ጉማሬ ማየት አለማየቱን ለማወቅ ሁለት። በየቀኑ ቁራ «ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው» ይለዋል፤ በየቀኑ ጥልፌ ይነቅላል። የክንፉን ነቀለ። የደረቱን ነቀለ። የቀረው ከአናቱ ላይ የቆመች አንዲት ላባ ብቻ ሆነች፤ በሩቅ ሲያዩት የበቀለ ሽንኩርት ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ቅጠሉ ተገለበጠ። ቅጠል ከተገለበጠ ታይቷል ማለት ነው። ጥልፌ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። መልስ የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን መታገሥ አቅቶት በእግሩ ወደ ረግረጉ ወረደ። አቶ ጉማሬ ባርኔጣ አድርጎ ተቀምጧል። ባርኔጣው ጠማማ ነው፤ አንዱን ዓይኑን ሸፍኖታል።

«ማን ሠራው?» አለ ጥልፌ።

«የእህቴ ልጅ» አለ ጉማሬ።

«መቼ?»

«መጋቢት ላይ።»

«ታዲያ ግንቦት ላይ ለምን አስጠራህ?»

«ለወጉ ነዋ» አለ ጉማሬ። «ሳያስጠራ ዘመዱን ቀጠረ እንዳልባል።»

«ቅጠሉስ? ደብዳቤዬን አልገለበጥከውም?»

ጉማሬ ስለምን እንደሚያወራ አላወቀም። የገለበጠው ነፋስ ነበር።

እንግዲህ ጥልፌ ወደ ዋርካው ሲመለስ የመጀመሪያው ጠብታ ጀርባው ላይ አረፈ። ባዶ ቆዳ ላይ የዝናብ ጠብታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ልጠለል ብሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በእግሩ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ከዋርካው አናት ደረሰ። እዚያ የቁራ ጎጆ አለ። ጭራሮ በጭራሮ ላይ የተጣለበት፣ ሸማኔ ቢያየው ዓይኑን የሚያመው ጎጆ። ወለሉ ግን ወፍራም ነበር። ቀይ ላባ፣ ሰማያዊ ላባ፣ አመድማ ላባ፤ ከሁሉም በላይ ቢጫ። ቁራ ቢጫው ላይ ጉንጩን አሳርፎ ያንቀላፋል።

ጥልፌ ቆሞ አየ። ከዚያም ወረደ። ከወንዙ ለመድረስ ሁለት ቀን በእግሩ ሄደ፤ በክንፉ ሳለ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር።

እንኮይ ከጎጆው በር ላይ አገኘችው። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጥጡስ?» አለች።

«የለም።»

«ላባህስ?»

ነገራት። ደብዳቤውን፣ ፍየሏን፣ ጅቦን፣ ጦጢትን፣ ባርኔጣውን፣ የቁራን ወለል ሁሉንም ነገራት። ወንዙ ድምፁን ቀነሰ።

«ለስላሳ ነገር አምጣ ያልኩህን» አለችው እንኮይ፣ «ለብሰኸው ነው የሄድከው።»

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። እንዴት ያለ ዝናብ! ዓሦች ከወንዙ ወጥተው በአየር ላይ እየዋኙ ጎረቤት ጠየቁ። እንኮይ እንቁላሏ ደርሷል፤ ወለሉ ባዶ ነው። ከሆዷ ላይ ላባ ልትነቅል መንቁሯን ስታዞር ጥልፌ ያዛት፤ አንቺ በምን ታቅፊያቸዋለሽ አላት። ሁለቱም ተቀምጠው ባዶውን ወለል ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ አንድ የራሰ ጥቁር ነገር አረፈ። ቁራ ነበር።

ጭራሮው ዝናብ አላስቆመም። ከላይ ገብቶ ራሱን ይመታዋል፤ ሦስት ቀን አልተኛም። ትንሽ ክዳን ነገር ፈልጌ ነበር አለ። ሥራው ቀላል ነው፣ ለአንተ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው፣ ይኼን ከሠራህልኝ ስምህን ለብዙ ሰው እነግርልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለሙከራ ጫፉን ብቻ አለ።

ጥልፌ አፉን ሊከፍት ሲል እንኮይ በክንፏ ጋረደችው።

«ደብዳቤ ጻፍ» አለችው ቁራን።

«ደብዳቤ?»

«መግቢያው ነጻ ነው፤ ገብተሃል። ደብዳቤ በላባ ነው። ቢጫ ላባ።»

ቁራ መጀመሪያ አልገባውም፤ ግን አንድ የዝናብ ጠብታ አናቱን ሲመታው ገባው። በረረ፤ አንድ ቢጫ ላባ በአፉ ይዞ ተመለሰ፤ ክዳን እፈልጋለሁ ብሎ ጻፈ። እንኮይ አነበበች። ተመልክተነዋል፤ ግን ብዙ ደብዳቤ ስለመጣ ከታች ነህ አለችው።

«ሌላ ማን ጻፈ?» አለ ቁራ ዙሪያውን እያየ።

«ከፍ ልበል ካልክ ሦስት ነው» አለ ጥልፌ። «ምን አለበት ጋሼ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው።»

ሦስት አመጣ። ከሁሉ በላይ ለመሆን አምስት አመጣ። ደብዳቤው መታየት አለመታየቱን ለማወቅ ሁለት አመጣ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ከግራሩ እስከ ዋርካው ሲመላለስ ክንፉ ከበደው፤ ሰማዩ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ ይላሉ፤ እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል የምናየው ጥቁር ደመና እሱ ነው። የጥልፌ ቢጫ ላባ ሁሉ ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ ተመላለሰ። ያን ጊዜ እንኮይ «ተቀጥረሃል» ልትለው ፈለገች፤ ግን ቀጣሪው እሱ ስለሆነ ግራ ገባትና «ይሠራልህ» አለችው።

ጥልፌም ሠራለት። ሸማኔ ነው፤ መሥራት ይወዳል። ክዳኑን እዚያው ግራሩ ላይ በእርጥብ ሣር ሸመነው፤ ቁራ ተሸክሞ ሄደ። ከቁራው ራስጌ በላይ የምትሆን አንዲት የአተር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ግን ተወበት። ቁራ ሲመለስ ለማስተካከያ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ፤ ቢጫ ላባ ደግሞ አልቆበታል።

እንኮይ ላባውን ወለሉ ላይ አነጠፈች። ረገጠች፣ ጎተተች፣ ይህን ጊዜ አልወጣችም። ሁለት እንቁላል ጣለች። ሐምሌ መጣ፣ ጉም መጣ፣ ብርዱ መጣ። ሁለቱም ተፈለፈሉ።

ጥልፌ ክረምቱን በእግሩ ነው የከረመው። ላባው የበቀለው በመስከረም ነው፤ ግን በግራሩ ላይ ዝናብ የማያስገባ ጎጆ እንዳለ ያዩ ጎረቤቶች እየመጡ ሥራልን አሉት። ደብዳቤ ያስጻፈው የለም። ጎጆውን አይተው ነው የመጡት።

ይኼን ሁሉ ካየ በኋላ ተረጋጋ ትላላችሁ። አልተረጋጋም። ዛሬም ነፋሱ ከኮረብታው ሲነፍስ ያ ቃጭል «ሥራ መጣ» ሲል አንገቱ ሳያስበው ይዞራል። ያኔ እንኮይ ልጆቿ ከተኙበት ወለል አንዲት ቢጫ ላባ መዝዛ አፍንጫው ሥር ትይዝለታለች። አንገቱን ይመልሳል፣ ሣሩን ይሰነጥቃል።

እኔም የምላችሁ ይኼው ነው። ሥራ ፈልጉ፤ ማን ከለከላችሁ። ግን የልመና ደብዳቤ ስትጽፉ እጃችሁ ሥራውን ከረሳ፣ የምትነቅሉት ከራሳችሁ ላይ ነው፤ የሚሞቀውም ሌላ ነው።

ተረቱ ወጣ። በሩን ዝጉልኝ፤ ብርድ እየገባ ነው፤ እኔም ብዙ ላባ አልቀረኝም።